ማይክሮዌቭ የተከሰሰበት፣ ማዕድ ቤታችን የታመመበት

«ማይክሮዌቭ ካንሰር ያመጣል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ወደ ብዙ የወላይታ ቤት የገባው ከራሱ ከዕቃው ቀድሞ ነው። ማይክሮዌቭ የሚገኘው በሶዶ ሆቴሎችና ካፌዎች፣ ደህና ገቢ ባላቸው ጥቂት ቤቶች፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በላከላቸው ሰዎች ዘንድ ነው። ወሬው ግን ስልክ የያዘ ሁሉ ጋ ደርሷል፤ በቴሌግራም በድምፅ፣ በቲክቶክ ነጭ ጋዋን በለበሰ ሰው አንደበት፣ በፌስቡክ «ለምትወዷቸው አካፍሉ» በሚል ጽሑፍ። ካፌ ውስጥ ምግቡ እንዲሞቅለት የፈለገ ሰው አስተናጋጇን «እህቴ፣ በማይክሮዌቭ ከሆነ ይቅር፤ በድስት አሙቂልኝ» ሲላት ይሰማል። እሷም አትከራከርም፣ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ትመለሳለች።

ሰው ለሚበላው ነገር መጠንቀቁ መልካም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጥንቃቄው የሚውልበት ቦታ ነው። በማይክሮዌቭ ላይ የሚቀርቡትን ክሶች ከማስረጃቸው ጋር ሳያቸው ዋናው ክስ የሚቆምበት እግር የለውም። ዕቃው በእውነት የሚጎዳባቸው መንገዶች ደግሞ እምብዛም አይወሩም። ከሁሉ የከፋው የጤና ጠንቅ ግን ያለው ማይክሮዌቭ ገብቶበት በማያውቀው ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጨረሩ ልጀምር። ራጅ የተነሣ ሰው ባለሙያው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ከግድግዳ ጀርባ ሲሄድ አይቷል። ምክንያት አለው። የራጅ ጨረር ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን የመንቀል ጉልበት ስላለው በብዛትና በተደጋጋሚ ሲያገኘን ዘረ መላችንን ሊጎዳ ይችላል። የማይክሮዌቭ ምድጃ ሞገድ ግን ሌላ ነው። በሴኮንድ 2 ቢሊዮን 450 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ሆኖም የሚታየው ብርሃን ከዚህ በ200 ሺህ እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይርገበገባል፣ የእያንዳንዱ ቅንጣት ጉልበትም በዚያው ልክ ይበልጣል። በሻማ ብርሃን ራቱን የሚበላ ሰው ዓይኑ ውስጥ የሚገባው እያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣት ከምድጃው ሞገድ ቅንጣት እጅግ የበረታ ነው። የሞገዱ መጠን ቢጨምር ሙቀት ይጨምራል እንጂ ዘረ መልን የመስበር አቅም አይፈጠርለትም።

ምድጃው ውስጥ የሚሆነው ነገር ይህ ነው፤ ማግኔትሮን የሚባለው ክፍል ሞገዱን ያመነጫል፣ ሞገዱ በምግቡ ውስጥ ያለውን የውሃ ሞለኪውል ወዲያና ወዲህ ያገላብጣል፣ ከዚያ መተራመስ ሙቀት ይወጣል። ማሽኑ ሲቆም ክፍሉ አምፖሉ እንደጠፋ ቤት ነው፤ ምግቡ ውስጥ አድሮ ወደ ሆድ የሚገባ ጨረር የለም። ዕቃው አዲስ ግኝትም አይደለም። አሜሪካዊው ፐርሲ ስፔንሰር የራዳር ማግኔትሮን ምግብ እንደሚያሞቅ ሬይቲዮን በተባለው ኩባንያ ሲሠራ ያስተዋለው በ1945 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለገበያ የቀረበው ምድጃ ከሰው ቁመት የሚስተካከልና 340 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነበር። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የቤት ማይክሮዌቭ በ1967 መጣ።

«ከበሩ የሚያመልጠውስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አሜሪካ ከ1971 ጀምሮ የምትሠራበት ደንብ ከምድጃው በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊዋት በላይ እንዳያመልጥ ያዛል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ መሬት ላይ የምታወርደው ጉልበት በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 100 ሚሊዋት ነው። ከምድጃው ግማሽ ሜትር የራቀ ሰው ደግሞ የሚያገኘው ያመለጠው ሞገድ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለው ወደ መቶኛው ይወርዳል። የዓይን ሌንስ የደም ዝውውር ስለማያገኝ ሙቀትን ቶሎ አያስወግድም፣ ስለዚህ በሩ የተጣመመ ወይም ማሸጊያው የተቃጠለ ምድጃ ላይ አፍጥጦ መቆም አይገባም። ደህና በር ያለው ምድጃ ግን ከፊቱ የቆመን ሰው አይጎዳም።

ስልክን ምድጃው ውስጥ ከትቶ መደወልና ከጠራ «ያፈሳል» ማለትም ተለምዷል። ይህ ሙከራ አያስኬድም። ስልክ የተሠራው እጅግ ደካማ ሞገድ እንዲይዝ ነው። ከማማው ኪሎ ሜትሮችን አልፎ፣ በግንብና በቆርቆሮ ተዳክሞ የመጣውን ምልክት እንኳ ይይዛል። የምድጃው ሽፋን ሞገዱን በብዙ ሺህ እጥፍ ቀንሶትም የቀረችው ለስልኩ ትበቃዋለች። ስልኩ መጥራቱ ስለ ስልኩ ጥራት እንጂ ስለ ምድጃው አደገኛነት የሚነግረን ነገር የለም። ሞክራለሁ ያለ ሰው ቢያንስ ምድጃውን ከሶኬት ይንቀለው።

ሐቀኛ ዳሰሳ አንድ ነገር መዝለል የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 የሬዲዮ ሞገዶችን በጠቅላላ «ምናልባት ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ» በሚለው ደረጃ አስቀምጧቸዋል። ተቋሙ እዚያ የደረሰው በዋናነት ስልክን ለዓመታት ጆሮ ላይ ለጥፈው በሚያወሩ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አይቶ ነው፤ ማስረጃውንም ውሱን ብሎታል። ወሬው ይህን ደረጃ ይዞ «ተረጋግጧል» ይላል። ይኸው ተቋም ቤት ውስጥ የሚነድ እንጨትን ጭስ ያስቀመጠው ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ፣ «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ የጎላ» በሚለው ምድብ ነው። አንዱን የተቋሙን ቃል ተቀብሎ ሌላውን መተው አይቻልም።

ወሬው ከሚጠቅሳቸው «ጥናቶች» መካከል አባት የሚባለው የስዊዘርላንዱ የሐንስ ኸርተል ሥራ ነው። በ1992 የወጣ ሲሆን ስምንት ሰዎች በተለያየ መንገድ የተዘጋጀ ወተትና አትክልት ከበሉ በኋላ ደማቸው ተመረመረ፤ ኸርተልም በማይክሮዌቭ የሞቀው ምግብ ደም ላይ አስጊ ለውጥ አመጣ አለ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጮች ማኅበር ከሶት በ1993 የበርን ፍርድ ቤት ይህን እንዳይናገር አገደው። በ1998 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት እገዳው የመናገር መብቱን የሚጥስ ነው ሲል ፈረደለት። ወሬው እዚህ ላይ «እውነቱን ሊያፍኑ ሞክረው በፍርድ ቤት ተረቱ» ይላል። ፍርድ ቤቱ የፈረደው ግን ኸርተል የመናገር መብት አለው ብሎ ነው፤ ያለው ነገር እውነት ስለመሆኑ አልፈረደም። አብሮት የሠራው ፕሮፌሰር በርናር ብላንም ኸርተል ከውጤቱ ካወጣው ድምዳሜ ራሱን አርቋል። መናገር እንዲፈቀድለት እኔም እደግፋለሁ። ስምንት ሰው ግን ስምንት ሰው ነው።

ደህና ማስረጃ ምን እንደሚመስል ለማየት ወላይታ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። እግር የሚያሳብጠው ፖዶኮኒዮሲስ በዚህ ምድር ብዙ ቤተሰብ አንገት አስደፍቷል። እርግማን ነው ተብሏል፣ ከሰው ወደ ሰው ይጋባል ተብሏል፣ የታማሚ ልጅ ለትዳር አይሆንም ተብሏል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በሽታው ባለበትና በሌለበት አካባቢ ያለውን አፈር እያነጻጸረ ጠንቁ በባዶ እግር የሚረገጠው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ አፈር መሆኑን አሳየ። በወላይታ የተደረገ ቆጠራ ከመቶ ሰው ከአምስት በላይ የሚሆኑትን እንደሚይዝ አገኘ። በ2012 ደግሞ ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን ያነጻጸረ የዘረ መል ጥናት አንዳንድ ቤተሰብ ለምን ለአፈሩ ይበልጥ እንደሚጋለጥ አመለከተ። ከ1998 ጀምሮ ሶዶ ላይ የሚሠራው የሞሲ ፉት ፕሮጀክት በሳሙና፣ በውሃና በጫማ የብዙ ሰው እግር አድኗል። ማነጻጸር፣ መቁጠር፣ ሌላ ሰው ደግሞ እንዲፈትነው ማድረግ እንዲህ ነው። የማይክሮዌቭ ካንሰር ክስ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ይህን አላለፈም።

ሌሎቹ ታዋቂ ክሶች አጭር ናቸው። «ሶቪየት ኅብረት በ1976 አግዳው ነበር» ይባላል፤ አዋጁን ያሳየ የለም፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የሶቪየት ፋብሪካዎች ራሳቸው የቤት ማይክሮዌቭ ያመርቱ ነበር። በአሜሪካ ኦክላሆማ አንዲት ታካሚ በማይክሮዌቭ የሞቀ ደም ተሰጥቷት መሞቷም ይጠቀሳል። ይህ የሆነ ነገር ነው፤ እጅግ አሳዛኝም ነው። ደም ከልክ በላይ ሲሞቅ ቀይ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፣ በምንም ይሙቅ በምን። ለዚህ ነው ሆስፒታሎች ሙቀቱ የሚለካ የደም ማሞቂያ የሚጠቀሙት።

ስለ ምግብ ይዘት ያለው ክርክር ትንሽ ጠለቅ ይላል። በ2003 ስፔን ውስጥ የተደረገ ጥናት ብሮኮሊ በማይክሮዌቭ ሲበስል ፍላቮኖይድ ከተባሉት ንጥረ ነገሮች 97 በመቶውን አጣ ብሎ ዓለምን አዳረሰ። ብሮኮሊው የበሰለው በውሃ ተነክሮ ነበርና ንጥረ ነገሩ ወደ ውሃው ወረደ። በጥቂት ውሃ ለአጭር ጊዜ የበሰለ አትክልት ላይ ሌሎች ጥናቶች ያገኙት ከዚህ በጣም የተሻለ ነው። እኛ ጎመን ረጅም ሰዓት ቀቅለን ውሃውን ስንደፋ ቫይታሚን ሲውን አብረን እንደፋዋለን፤ ለዚህ ማይክሮዌቭ አያስፈልግም። በ1998 የጃፓን ተመራማሪዎች በማይክሮዌቭ በሞቀ ምግብ ላይ ከ30 እስከ 40 በመቶ የቫይታሚን ቢ 12 መቀነስ አግኝተዋል፤ ይህን እቀበለዋለሁ። ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚባለው የ1992ቱ የስታንፎርድ ጥናት ነው፤ የእናት ጡት ወተት በማይክሮዌቭ ሲሞቅ ሕፃኑን ከተሕዋስ የሚከላከሉት ንጥረ ነገሮች ቀነሱ። ጡቷን አልባ ያስቀመጠች እናት በሙቅ ውሃ ውስጥ ጠርሙሱን አስቀምጣ ታሙቀው።

አሁን ወደ እውነተኛው ጉዳት። ማይክሮዌቭ እኩል አያሞቅም። ይህን በዓይኑ ማየት የፈለገ ሰው ምድጃው ውስጥ የሚሽከረከረውን ሳህን ያቁመው፣ በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ቅቤ ስስ አድርጎ ይቀባ፣ ለጥቂት ሴኮንድ ያስነሣው። ቅቤው እዚህም እዚያም ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ይቀልጣል፤ በመሃሉ ያለው እንደረጋ ይቀራል። በቀለጡት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ። ያደረ ወጥም እንዲሁ ነው፤ ዳር ዳሩ እየተንተከተከ መሃሉ ቀዝቅዞ ይቀራል፣ ተሕዋሱ የሚተርፈውም እዚያ ነው። በ1992 አላስካ ውስጥ ከአንድ ግብዣ የተረፈ የአሳማ ሥጋ ወደየቤታቸው የወሰዱ ሰዎች ታሪክ በሳልሞኔላ ጥናቶች የታወቀ ነው። በምድጃ ወይም በመጥበሻ ካሞቁት 20 ሰዎች አንድም አልታመመም። በማይክሮዌቭ ያሞቁት 10ሩ በሙሉ ታመሙ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ መሃል ላይ አቁሞ ማማሰል፣ ሸፍኖ ማሞቅ፣ ካወጡ በኋላ ሙቀቱ እንዲዳረስ አንድ ሁለት ደቂቃ መተው፣ መሃሉ ሳይፋጅ አለመብላት። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። መብራት መሃል ላይ ድርግም ይላል። ለብ ብሎ የቀረ ሥጋ ወጥ ምድጃው ውስጥ ተዘግቶ መብራት እስኪመጣ ከጠበቀ ለተሕዋስ መራቢያ ከዚህ የሚመች ቦታ የለም። አውጥቶ በከሰልም ቢሆን ወዲያው ማፍላት ነው። የካፌ ባለቤቶች ይህን ለሠራተኞቻቸው ቢነግሩ ደንበኛው ስለ ጨረር ከሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ፕላስቲክ ነው። ምግብ በፌስታል ተቋጥሮ ይመጣና እንዳለ ይገባል፣ ወይም የአይስክሬም ባልዲ የምሳ ዕቃ ይሆናል። በ2023 የአሜሪካው የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዳንድ የሕፃናት ምግብ መያዣዎች በማይክሮዌቭ ሦስት ደቂቃ ሲሞቁ ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ እስከ 4 ሚሊዮን ጥቃቅንና እስከ 2 ቢሊዮን እጅግ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣት ሊለቅቁ እንደሚችሉ አግኝተዋል። ቅባት ያለው ምግብ ይበልጥ ይሞቃልና ቅቤ የበዛበት ነገር ከፕላስቲክ ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም። ሸክላ፣ ብርጭቆ ወይም ፖርሴሊን ሳህን ይበቃል። የሕፃን ጡጦ ደግሞ ከውጭ ለብ ብሎ ውስጡ ሊፋጅ ስለሚችል የልጅ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ነቅንቆ እጅ ላይ ጠብ ሳያደርጉ ለልጅ አይሰጥም።

ስለ ወላይታ ምግብ አውርቶ ቁርጥን መዝለል አይቻልም። በዘመን መለወጫው በጊፋታ ሰሞን ከዳጣ ጋር የሚቀርበው ቁርጥ የዚህ ሕዝብ ክብር ነው፣ ይቅር የሚል አፍ የለኝም። ነገር ግን በሶዶ ከተማ ቄራ በታረዱ 415 ከብቶች ላይ ተደርጎ በ2009 የታተመ ጥናት 11 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ ወደ ኮሶ ትል የሚያድገውን እጭ አግኝቷል። እጩን ሙቀት ይገድለዋል፤ በጥሬው የሚበላ ግን ከነሕይወቱ ይውጠዋል። ተቆጥሮ የታወቀ ጠንቅ ይህ ነው። የሥጋ ምርመራ ማኅተም የሌለውን ሥጋ አለመግዛት፣ ትሉ የታየበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒቱን መውሰዱ፣ በየቤቱ መጸዳጃ መኖሩ ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጭሱ ነው። ከሶዶ ትንሽ ወጣ ብሎ ወደ ዳሞት ተራራ ግርጌ ወይም ወደ ሁምቦ አቅጣጫ ማለዳ የሄደ ሰው በየጎጆው ክዳን ላይ ጭሱ ሲተን ያያል። ውስጥ ሦስት ጉልቻ አለ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳ፣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ይነድዳል። እናቲቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትንፋሿን ሰብስባ እፍ ትላለች፣ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነው፣ እሷ የምትተነፍሰውን ይተነፍሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የቤት ውስጥ ጭስ በ2020 ብቻ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፤ ከእነዚህ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። ጭስ ባለበት ቤት የሚያድግ ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለ ጭሱ ግን በቴሌግራም የሚዞር ማስጠንቀቂያ የለም፤ ማገዶ ከእኛ ጋር ያደገ ስለሆነ አይታማም። ማገዶ ፍለጋ ሴቶች የሚጓዙትን መንገድና የተራቆተውን ኮረብታ ብንጨምርበት ዋጋው ሌላ ነው፤ በሁምቦ ከ2,700 ሄክታር በላይ ደን መልሶ ለማልማት የተደከመው በከንቱ አልነበረም።

እና ጭሱ እንዲህ የበዛው የት ነው? በወላይታና በዳውሮ መካከል የተሠራው የጊቤ 3 ግድብ ከ2016 ጀምሮ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ቆሟል። ወደ ኬንያ የሚሄደው 500 ኪሎ ቮልት መስመር ከዚሁ ከሶዶ ተነሥቶ 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሱስዋ ይደርሳል፤ እስከ 2,000 ሜጋዋት ሊሸከም ይችላል። የጎረቤት አገር ወጥ የሚፈላበት ኃይል ከከተማችን በላይ ያልፋል። ማይክሮዌቭ ለገጠሩ ወላይታ መፍትሔ ነው አልልም፤ ቆጮ አይጋግርበትም፣ እንጀራም አያወጣም፣ ዋጋውም አይቀመስም። ጭሱን የሚቀንሱት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ምርጥ የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምጣድ፣ የጭስ ማውጫና የማይቆራረጥ መብራት ናቸው። ነገር ግን መብራት ያላትና ሦስት ደቂቃ በማይክሮዌቭ ማሞቅ የምትችል ሴት ካንሰር ፈርታ ከሰል ስታቀጣጥል ሳይ ያመኛል። ያ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሰውም ይገድላል።

በመጨረሻ የቀረው ዕቃውን የሚጠግነው ሰው ነው። በገበያው ዳር ቴሌቪዥንና ቴፕ የሚሠሩ ወጣቶች የተበላሸ ማይክሮዌቭም ይቀበላሉ። ምድጃው ውስጥ ያለው ካፓሲተር ከ2,000 ቮልት በላይ ይይዛል፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቻርጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ቴሌቪዥን ከፍቶ የለመደ እጅ በዚህ ሊሞት ይችላል። ክዳኑን የሚከፍት ባለሙያ የካፓሲተሩን ሁለት ጫፎች እጀታው በደንብ በተሸፈነ መሣሪያ አገናኝቶ ቻርጁን ሳያስወጣ ምንም ሽቦ መንካት የለበትም። ሲሠራ የሚያግዘው ልጅ አጠገቡ አይቁም፣ የበሩን ማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ አገናኝቶ በሩ ተከፍቶ እንዲሠራ ማድረግም ፈጽሞ አይሞከር።